ለጎረቤት ያሳየኋት መኪና

ወንድሜ በሞተበት ቀን እኔ መኪና ሳሳይ ዋልኩ። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው። ወደ ኋላ ካቆየሁት ዘልዬው የማልፍ ይመስለኛል።

ሐሙስ ጠዋት ነው ወደ አዳማ የሄደው። የሕንፃ ሥራ ፎርማን ነበር፤ አዳማ ያለውን ሥራ አይቶ ማታውኑ ሊመለስ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ሜክሲኮ ላይ ስለሚያነሳው የራሱን መኪና አልወሰደም። ደግሞም ገና አላመናትም። «መንገድ ላይ ቻርጅ ብትጨርስ በጄሪካን አይቀዳላትም» ይል ነበር። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ፣ ከእናታችን የስኳር መድኃኒት አጠገብ አስቀመጠው። እኔ ገና ከአልጋ አልተነሳሁም።

«እማዬን ጤና ጣቢያ አድርሳትና መልሳት። ከዚያ መኪናዋን አቁማት» አለኝ።

«እሺ።»

«አቁማት ነው ያልኩህ። ሜክሲኮን እንዳትዞርባት።»

«እሺ አልኩህ እኮ!»

ሳቀና በሩን ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም።

መኪናዋ ከመጣች ገና ሳምንት አልሞላትም ነበር። ነጭ ናት፣ ከፍ ያለች፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ። ከኋላ ሦስተኛ ረድፍ ወንበር ስላላት ሰባት ሰው ትይዛለች። እኛ ቤት ያለነው ሦስት ነን፤ እናታችን፣ ወንድሜና እኔ። አባታችን ካረፈ ቆይቷል። «ሰባት ሰው ከየት ታመጣለህ?» ብዬ ስጠይቀው ወንድሜ ወደ እናታችን አየ። የመለሰችልኝ እሷ ናት።

«እኔ ጎረቤት የለኝም?» አለች።

መጀመሪያ የገረመኝ ዝምታዋ ነው። አዝራሩን ትጫናለህ፣ መብራት ይበራል፣ ሌላ ምንም የለም። ተነሳች አልተነሳችም እያልክ ስትጠራጠር መንቀሳቀስ ትጀምራለች። ግቢያችን ውስጥ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ስለማይሰሟት መስኮት አውርጄ «ዞር በሉ» እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ስክሪኑ አለ። እንደ ቴሌቪዥን ሰፊ ነው፣ ጽሑፉ ግን በሙሉ ቻይንኛ ነው። ወንድሜ ሥዕሎቹን እየነካካ ነበር የሚማረው። አንዴ የሆነ ነገር ሲነካ የተቀመጠበት ወንበር ጀርባውን ማሸት ጀመረ፤ «ወይኔ!» ብሎ ዘሎ ወረደ። ቀበቶ ካልታሰረ አንዲት ሴት በቻይንኛ ትናገራለች። እናታችን የመጀመሪያ ቀን ስትሰማት ደንግጣ ወደ ኋላ ዞረች።

«ምን አለች?»

«ቀበቶ እሰሪ ነው የምትልሽ።»

«እሷስ አስራለች?»

ወንድሜ በሳቅ መንዳት አቅቶት ዳር ያዘ።

ቻርጅ የምናደርጋት ከአራተኛ ፎቅ መስኮታችን ረጅም ገመድ ወደ ታች እየለቀቅን ነው። ገመዱ ግራውንድ ላይ በሚኖሩት ጋሼ መስኮት በኩል ያልፋል። ጋሼ የግቢያችን እድር ዳኛ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ ሁልጊዜ ካፖርት የሚለብሱ ሰው። ይቆጣሉ ብለን ፈርተን ነበር። አንድ ጠዋት ስንወርድ ገመዱን ሰው እንዳያደናቅፍ ከግድግዳው ጋር በሽቦ አስረውት አገኘነው።

ስለ ራሴም ትንሽ መናገር አለብኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። ግቢው ውስጥ የምታወቀው የእሱ ወንድም ተብዬ ነው። መኪናዋ ስትመጣ፣ እሱ ሥራ ስለሚውል፣ መሪው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታየው እኔን ሆነ። ቁልፉን ጣቴ ላይ እያዞርኩ ደረጃ መውረድ ለመድኩ። ከላይ ሆኜ የሚኒባሶቹን ጣሪያ ሳይ የሆነ ነገር ደረቴን ይሞላዋል። የግቢው ሰው እንደ አንድ ሰው እንዲቆጥረኝ ነበር የምፈልገው። በዚያ ሰሞን ከዚህ የበለጠ የምፈልገው ነገር አልነበረም። የወንበሮቹን ላስቲክ ወንድሜ ሊያነሳ ሲል የከለከልኩትም እኔ ነኝ። «አዲስ መሆኗ ይታይ» አልኩት።

ሐሙስ እናታችንን ጤና ጣቢያ አድርሼ መለስኳት። መኪናዋን ግን አላቆምኳትም። ወደ ሜክሲኮ ሄድኩ። አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬን እዚያ አገኘሁትና ፎቶ እንዲያነሳኝ ጠየቅሁት።

«በሩን ክፈተውና አንድ እግርህን አውጣ፣ ጀለሴ» አለኝ። «እንደዚህ አይደለም። ስልክ የምታወራ ምሰል።»

ስልክ የማወራ መሰልኩ። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ወንድሜ የወደቀው ከምሳ በፊት ነው ይላሉ። ደረጃ ላይ ተቀምጦ ውሃ እየጠጣ ነበር። ልቡ ነው አሉ። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት አልፏል። ከፎቶው በፊት ይሁን በኋላ አላውቅም፣ ጠይቄም አላውቅም።

በእኛ ዘንድ ሞት ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚረዳው። የወንድሜ የሥራ ባልደረቦች ይህን ስለሚያውቁ የደወሉት ለጋሼ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢ ስገባ ወንድሜ መሞቱን ሁሉም ያውቃል። የማናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነን።

ሰዎች በጋራ መጠቀሚያው ቤት አጠገብ ቆመው ነበር። ስገባ ወሬያቸውን አቆሙ። መካከላቸው ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው የሚኒባስ ሾፌር አለ፤ የወንድሜ ጓደኛ ነው። እኔን በመኪናዋ ባየኝ ቁጥር «ሚኒስትሩ መጡ! መንገድ ልቀቁ!» እያለ ያስቃል። ዛሬ ዝም አለ። መስኮቱን አወረድኩ።

«ምነው፣ ዛሬ ሚኒስትሩን አትቀበሉም?»

«እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ።  ዓይኑ ቀልቷል። መሬት መሬት ያያል።

ቅናት ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ሲጻፍ ያስጠላል፣ ግን ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ለካ ሰው ሲቀልድብህ ችግር የለበትም፣ ያለህ ነገር የእውነት ሲሆን ነው ፊቱ የሚጠቁረው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ስልኬን ሳይ ፎቶውን ብዙ ሰው አይቶታል፣ አንድም ሰው ልብ አልላከም። አንድ የሰፈር ልጅ «አይዞህ» ብሎ ጻፈ። ምን ማለትህ ነው ልለው ስከፍተው ሰርዞታል። እሱንም ቀናተኛ አልኩት።

ከዚያ የግቢው ጥበቃ መጣ።

«እዚህ አታቁማት፤ ቦታው ይፈለጋል።»

«ለምን ይፈለጋል? ትናንት አልተፈለገም።»

«ጋሼ ያውቃሉ።»

«የእኛ መኪና ስትሆን ነው ቦታ የሚፈለገው?»

ጥበቃው ጋሼን ሊጠራ ሄደ። እዚያ ቦታ ላይ ድንኳን እንደሚተከል፣ ብረቱም ከጋራ ቤቱ ጀርባ ወጥቶ እንደተደረደረ የሰማሁት በማግስቱ ነው።

ጋሼ ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ። ሾፌሩና ሌላ አንድ ጎረቤት ተከተሏቸው። ሌላው ጎረቤት ባንክ ቤት የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ጋሼ እጃቸውን የመኪናዋ በር ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ይችን መኪና እስከ ጠዋት ብታውሰን። አንድ ሰው ልናመጣ ነው።»

«ከየት ነው ጋሼ? ለቻርጁ ብዬ ነው።»

ጋሼ መዋሸት አይችሉበትም። ሾፌሩን አዩት። እሱም መሬት አየ።

«ከአዳማ» አሉ።

አዳማ ሲሉ እንኳ ልቤ አልደነገጠም። የደነገጠው ለመኪናዋ ነው። እምቢ ማለት ግን አልቻልኩም፤ ደግሞ ትልቅ ሰው ከመላው ግቢ መርጠው እኔን መለመናቸው ደስ አለኝ። ሾፌሩም ራሱ የሚነዳ ሚኒባስ አለው፤ የፈለጉት ግን የእኛን ነው።

«ሰውየው ታሟል?» አልኩ።

«አዎ... መቀመጥ አይችልም» አሉ ጋሼ። «ከኋላ መተኛት ይቻላል? ወንበሩ ይታጠፋል?»

ይህን ጥያቄ ነበር ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው። ወርጄ የኋላውን በር ከፈትኩ። ሦስተኛውን ረድፍ አጠፍኩ፣ ሁለተኛውን አጠፍኩ፣ የፊተኛውን ወንበር ወደፊት ገፋሁ። ወለሉ እንደ አልጋ ተዘረጋ። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ጋሼ በክንዳቸው ለኩት።

«ሰውየው ረጅም ነው?» አልኳቸው።

ጋሼ ክንዳቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ባንክ ቤት የሚሠራው ሰው ቀስ ብሎ፣ «ያንተን ያህል ይሆናል» አለ።

«እንግዲያማ ችግር የለም!» ብዬ ጫማዬን አወለቅኩና ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ። እግሬን ዘረጋሁ። እጄን ደረቴ ላይ አጣጠፍኩ። «አያችሁ? ገና ቦታ ይተርፋል። ወንድሜ ራሱ ይተኛበታል፣ እሱ ደግሞ ከእኔ ይረዝማል።»

ሾፌሩ ዞሮ ሄደ። ከጋራ ቤቱ ጀርባ ሲገባ አየሁት። ሲጋራ ሊያጨስ ነው ብዬ፣ «መኪናዋ ውስጥ ማጨስ የለም፣ እሺ?» ብዬ ጮህኩበት።

ከዚያ ማስረዳት ጀመርኩ። ምን ያላልኩት ነገር አለ? በሩን አትወርውሩት፣ ለስለስ ነው የሚዘጋው አልኩ። ላስቲኩ እንዳይቀደድ፣ ጫማችሁን አራግፉ አልኩ። ኤሲ አብዝታችሁ አትክፈቱ፣ ቻርጅ ይበላል። ሴትዮዋ በቻይንኛ ስትናገር አትደንግጡ። ውስጥ ምግብ አይበላም። ከቤት ፌስታል ይዤ ወረድኩና ለጋሼ ሰጠኋቸው። «የታመመው ሰው ካስመለሰው» አልኳቸው። ጋሼ ፌስታሉን ተቀብለው በጥንቃቄ አጣጠፉትና ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«እሺ ልጄ» ይሉኛል ለእያንዳንዱ። «እሺ ልጄ። እናስታውሳለን።»

የአባቴ ታላቅ የሚሆኑ ሰው ናቸው።

ቁልፉን ስሰጣቸው ትዝ አለኝና፣ «ወንድሜም እኮ ዛሬ አዳማ ነው ያለው! ስልኩ ዝግ ነው እንጂ እነግረው ነበር። ካገኛችሁት ትራንስፖርት ሳይጋፋ አብሯችሁ ይምጣ» አልኩ።

ጋሼ ትከሻዬን ያዙ። አያያዛቸው ጠንካራ ነበር፣ ትንሽ አመመኝ።

«እናመጣዋለን ልጄ» አሉ።

ወደ ቤታችን ስወጣ ሦስት የጎረቤት ሴቶች እናቴን ከበው ተቀምጠዋል። አንዷ የእናቴን ስልክ ይዛለች፤ መዝሙር ልጭንልሽ ብላ ነው የወሰደችባት። ሌላዋ መድኃኒትሽን ወሰድሽ ወይ ትላለች። እናቴ በነገሩ ተገርማለች፣ ደስም ብሏታል። «ዛሬ ምን ነካቸው? ሳልጠራቸው መጡልኝ» አለችኝ። መኪናዋን ለጋሼ እንዳዋስኳቸው፣ ከአዳማ በሽተኛ እንደሚያመጡ፣ ወንድሜም ምናልባት ከእነሱ ጋር እንደሚመለስ ነገርኳት።

«ጎሽ የኔ ልጅ» አለች እናቴ። «መኪና ማለት ለሰው ሲሆን ነው። ወንድምህ ሲሰማ ደስ ይለዋል።»

ስልኩን የያዘችው ሴት ብድግ ብላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ቆይታ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። እኔ ቴሌቪዥን ከፈትኩ።

ወንድሜ አልመጣም። እናቴ እራቱን ከድና አስቀመጠች። እዚያው አሳድረውታል፣ ስልኩም ቻርጅ ጨርሶ ነው ተባባልን። ሴቶቹ ሲወጡ አንደኛዋ «ራሴን አሞኛል፣ ደረጃ መውረድ ፈራሁ» ብላ እኛ ጋ ቀረች። እሷን አምነን ተኛን። እንቅልፍ ወዲያው ወሰደኝ። ከመተኛቴ በፊት ያሰብኩት፣ አልደብቅም፣ ላስቲኩን ነው።

ገና ሳይነጋ ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ብዙ እግር ነው፣ ግን አንድም ሰው አያወራም። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ማስተጋባት ይወዳል፤ ሰው ሲወጣ ሲወርድ ሁልጊዜ ወሬ አለው። ያ ድምፅ ምን እንደሆነ ማንም የዚህ ከተማ ሰው ያውቃል። እኔም ከአባቴ ጊዜ አውቀዋለሁ። ሆኖም በሩን ስከፍትና ጋሼን ከፊት፣ ከኋላቸው ደግሞ ደረጃውን ሞልቶ የቆመውን ሰው ሳይ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶችን ሳይ፣ ከአፌ የወጣው ሌላ ነበር።

«መኪናዋ ምን ሆነች?» አልኩ።

ሁሉም ሰምቶኛል። ከታችኛው ደረጃ ያሉት ሳይቀሩ።

ጋሼ አልተቆጡም። ፊታቸውም አልተለወጠም። «መኪናዋ ደህና ናት ልጄ» አሉኝ። ሌሊቱን መንገድ ላይ ስላደሩ ድምፃቸው ሻክሯል። «መኪናዋ ደህና ናት» ብለው ደገሙልኝ፣ ልክ እኔ የጠየቅሁት መጠየቅ ያለበት ነገር እንደሆነ ሁሉ።  ከጀርባዬ የእናቴን ኮቴ ሰማሁ። እሷ ምንም አልጠየቀችም። ሰዉን አየች፣ እኛ ጋ ያደረችው ሴት ነጠላዋን ስታዘቀዝቅ አየች፣ ከዚያ ጮኸች። እኔ ያወቅሁት ከእሷ ጩኸት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ነገር አላስታውስም። ወደ ታች ያወረዱኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። ድንኳኑ ተተክሏል። መኪናዋ ለእኛ እስኪነገረን ድረስ ከግቢው ውጭ፣ ሰንጋ ተራ መንገድ ዳር ቆማ ስትጠብቅ ነበር፤ ያኔ መብራቷን አጥፍታ ገባች። ሲነዳ የነበረው ሾፌሩ ነው። ድምፅ ስለሌላት ብዙ ሰው መግባቷን ያየው አጠገቡ ስትደርስ ነው። የኋላውን በር ከፈቱ። ሳጥኑ እኔ የተኛሁበት ቦታ ላይ ነበር።

ሬሳ የሚያመጣ መኪና መከራየት ይችሉ ነበር፣ ሰውም እንደዚያ መክሯቸው ነበር። ጋሼ ናቸው እምቢ ያሉት። «በራሱ መኪና ይግባ» ብለው ነው አሉ። ይህን ባንክ ቤት የሚሠራው ሰው ነገረኝ። ሲነግረኝ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። እኔ ግን አንገቴን ማቅናት አቃተኝ። ሰው እየመጣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይላል፣ አለቅሳለሁ። የማለቅሰው ለወንድሜ ነው ብሎ ያስባል ሁሉም። ለወንድሜም ነው። ግን ዓይኔን ባነሳሁ ቁጥር ከእነዚያ ሦስት ሰዎች አንዱን አያለሁ፣ እንደገና አቀረቅራለሁ። ምነው አንዳቸው «ዝም በል፣ ውረድ ከዚያ» ባሉኝ ኖሮ እያልኩ ነበር። ማንም አላለኝም። ተኝቼ ሳሳያቸው ቆመው አዩኝ፣ እንዳልደነግጥ ብለው።

ሳጥኑን አውርደው፣ ተሸክመው አራተኛ ፎቅ ካደረሱት በኋላ ሦስቱ ወደ ታች ተመለሱ። ከድንኳኑ ጎን ባለው ቧንቧ አጠገብ ቆሙ። ሳጥኑን የያዙበትን እጅ ሊታጠቡ ነው። ጥበቃው ጆግ ሞልቶ ይዞላቸዋል።

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። አጠገቤ ያሉት ወድቄ የምንከባለል መስሏቸው ክንዴን ያዙኝ፤ አስለቀቅኳቸው። ሄጄ ጆጉን ከጥበቃው ተቀበልኩ። እሱም ትናንት ስለ ማቆሚያው ቦታ የተቆጣሁት ሰው ነው። ለቀቀልኝ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አሉ ጋሼ። «ያንተ ቦታ እዚያ ነው። ሐዘንተኛ አያስታጥብም። ሂድ ተቀመጥ ልጄ።»

  ጆጉን ይዤ ቆምኩ።  ሾፌሩ «ተዉት ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ።

ጋሼ ትንሽ አዩኝና የካፖርታቸውን እጅጌ ሰብሰብ አደረጉ። እጃቸውን ዘረጉልኝ። አፈሰስኩላቸው። ቀጥሎ ሾፌሩን፣ ቀጥሎ ባንክ ቤት የሚሠራውን ሰው አስታጠብኩ። ውሃው ሲያልቅ ከቧንቧው ሞልቼ፣ ድንኳኑን ሲተክል ላደረው ጥበቃ አፈሰስኩለት። እሱ እጁን ቶሎ ሊሰበስብ ሲል እስኪጠራ ድረስ ያዝኩት።